መስኮቱ ከጠፋ በኋላ

በአሰብ፣ በሙቀቱ ወራት፣ ቀትር ሲሆን ሥራ የሚባል ነገር አልነበረም። ከመርከብ ጭነት የሚያወርደውም፣ ሱቅ የሚጠብቀውም፣ ወረቀት የሚጽፈውም በሩን ዘግቶ ወደ ቤቱ ይገባል፤ እስከ አስር ሰዓት ድረስም ጎዳናው ለውሾችና ለትኩሱ ነፋስ ይለቀቃል። በዓሣ ገበያው አጠገብ በሚገኘው የበረዶ ፋብሪካ ግን በዚህ ላይ የተጨመረ አንድ ደንብ ነበር። ከጀርባው የነበረው መጋዘን፣ ሳይጠፋ በተረሳ ቬንቲሌተር ሰበብ በአንድ ቀትር ተቃጥሎ ከወደመ ወዲህ፣ በመጨረሻ የሚወጣው ሰው የኤሌክትሪኩን ዋና ማጥፊያ፣ ያን ጥቁር ትልቅ እጀታ፣ ወደ ታች ሳያወርድ በሩን አይቆልፍም። መውረዱም በዝምታ አይታለፍም ነበር። የፋብሪካው ሰዎች በመንገድ ላይ ሲገናኙ ከሰላምታ አስቀድመው «ወረደ?» ይባባላሉ፤ «ወርዷል፣ አልሐምዱሊላህ» የሚለውን መልስ ሳይሰማ ተረጋግቶ ወደ ምሳው የሚሄድ አልነበረም።

እጀታውን የምታወርደው ሉባባ ነበረች። አባቷ ከወሎ ወርደው በአሰብ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ፤ እሷ ተወልዳ ያደገችው በዚያው ከተማ ነው። ትምህርቷን እንደ ጨረሰች በፋብሪካው ቢሮ ተቀጠረች፤ ኮምፒውተር በመጣ ጊዜም ከፊቱ የተቀመጠችው እሷ ሆነች። ባሏ ሀይደር ከቢሮው ግድግዳ ወዲያ፣ በማሽኑ አዳራሽ ይሠራል። በዕድሜ ይበልጣታል፤ ሙያውን የተማረው በወደቡ ኦፊቺና፣ በማሽን መጠገኛው ቤት፣ ሲሆን፣ የፋብሪካውን ትልቁን ኮምፕሬሰር ከተተከለበት ቀን አንሥቶ የሚጠብቀው እሱ ነው። ባልና ሚስቱን በሥራ ሰዓት የሚለያቸው ያ አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር።

ኮምፒውተሩ የመጣው በሥራ አስኪያጁ በአቶ በቀለ ፈቃድ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ዳግማዊ የሚባል የአዲስ አበባ ወጣት መሐንዲስ ነበር። በስክሪኑ ላይ በሚከፈት መስኮት ውስጥ ኮምፕሬሰሩ በሰማያዊ ቀለም ተሥሎ ይታያል፤ ቧንቧዎቹ በመስመር፣ ቫልቮቹ በትናንሽ ክቦች ተመልክተዋል። ሉባባ ማውሱን ወስዳ አንዱን ክብ ስትጫን፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለው እውነተኛው ቫልቭ በሞተር ተገፍቶ ይከፈታል ወይም ይዘጋል። ሀይደር መጀመሪያ ባየው ጊዜ ጠጋ ብሎ ተመልክቶ፣ «እንግዲህ እኔን በሥዕል አገባችኝ ማለት ነው» ብሎ ሁሉንም አሳቀ።

ነገሩ እንዲገባ ስለ ማሽኑ ጠባይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በረዶውን የሚሠራው አሞኒያ ነው። አሞኒያ በጋዝነቱ ሳለ ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል፤ ፈሳሽ ሆኖ ከገባበት ግን ፈሳሽ አይጨመቅምና የሚሰበረው ብረቱ ነው። ስለዚህ ማሽኑ እንዲያርፍ ሲፈለግ በአንድ ጊዜ አይቆምም። አስቀድሞ ፈሳሹን የሚያስገባው ቫልቭ ይዘጋል፤ ከዚያ ኮምፕሬሰሩ በቧንቧዎቹ ውስጥ የቀረውን ሁሉ እስኪመጥ ድረስ መሥራቱን ይቀጥላል፤ በመጨረሻ ይቆማል። ዳግማዊም ፕሮግራሙን የጻፈው «ዝጋ» ሲባል ይህን ሁሉ በየተራው እንዲፈጽም አድርጎ ነው። በዚህም ሳይወሰን፣ ፕሮግራሙ ሥራ ሲጀምር በዲስኩ ላይ አንድ ምልክት ያኖራል፤ ሁሉንም በሥርዓት ሲጨርስ ያንኑ ምልክት ያጠፋል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት ምልክቱ ሳይጠፋ ከተገኘ፣ አዘጋጉ የተበላሸ መሆኑን በእንግሊዝኛ የሚናገር አንድ ትንሽ ሳጥን በስክሪኑ መካከል ይወጣል።

ቅር ያሰኘው መጠበቁ ነበር። ቀትር ሲደርስ ሉባባ «ዝጋ» የሚለውን ትጫናለች፤ መስኮቱ ግን አይሄድም። «ማሽኑ እየተራገፈ ነው፤ ይጠብቁ» የሚል ጽሑፍ አሳይቶ በስክሪኑ ላይ ይቀመጣል። ቬንቲሌተሩ አስቀድሞ ጠፍቷል፤ ግድግዳው ሙቀት ይተፋል፤ ሰው ሁሉ ከደጅ ቆሞ ይጠብቃታል። አቶ በቀለም አንድ ቀን ላቡን እየጠረገ ገብቶ ስክሪኑን በንቀት ተመለከተው።

«ምንድን ነው ይሄ? እኛን አስቀምጦ እሱ ሥራውን ይጨርሳል? አለቃው ማን ነው?»

«እኔንስ ቢሆን መች ሰምቶኝ ያውቃል» አለች ሉባባ እየሳቀች። «ሂድ ስለው ይቀመጣል። የአማቴ እንግዳ ይመስል።»

ዳግማዊ በማዕዘኑ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ከአዲስ አበባ በመጣ ቁጥር ምሳውን የሚበላው በሀይደር ቤት ነው፤ የሚከፍለው ነገር የለም፤ ልክፈል ቢልም የሚሰማው አልነበረም። በዚያ ሙቀት ሉባባ በእሱ ሥራ ምክንያት መቆየቷ አሳፈረው። ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ሲመጣ አዲስ ዲስኬት ይዞ መጣ።

«ከእንግዲህ አትጠብቂም» አላት። «ዝጋ ስትዪው ወዲያው ይሄድልሻል።»

እውነትም ሄደ። ስትጫነው መስኮቱ በዓይን ጥቅሻ ጠፋ፤ ባዶው ስክሪን ብቻ ቀረ። ሉባባ እጇን አጨበጨበች። አቶ በቀለ «አሁን ሰው ሆነ!» አለ። ዳግማዊ ግን ከማሽኑ ሥራ አንዲት ነገር አልቀነሰም ነበር። ያደረገው መስኮቱን አስቀድሞ መሰወር ነው። መስኮቱ ከጠፋ በኋላ ፕሮግራሙ ከጀርባ ሆኖ ቫልቩን ይዘጋል፤ ያስመጥጣል፤ ያቆማል፤ ምልክቱን ያጠፋል። በተማረበት መንገድ ሰውን ከመጠበቅ ማዳን እንደ ጥሩ ሥራ ይቆጠር ነበርና፣ በሥራው ተደሰተ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሉባባ መስኮቱ ሲጠፋ ተነሥታ እጀታውን ታወርዳለች። ከግድግዳው ወዲያ ኮምፕሬሰሩ ገና ሲያጓራ ይሰማታል፤ ነገር ግን ቬንቲሌተር እንኳ ከጠፋ በኋላ ጥቂት ይዞራል ብላ ልብ አላለችውም። እጀታው ሲወርድ ድምፁ ይቆማል። ሀይደር በዚያ ሰዓት ለዙሁር ሶላት ሊታጠብ ወጥቷል። ቫልቩ በሞተር የሚሠራ ነውና ኃይል ሲቋረጥበት በደረሰበት ይቀራል፤ ይኸውም ሳይዘጋ። አሞኒያውም በእነዚያ ረዥም የዕረፍት ሰዓታት፣ ከተማው ሲያንቀላፋ፣ ቀስ ብሎ ወደማይገባው ስፍራ፣ ወደ ኮምፕሬሰሩ ውስጥ፣ ይወርዳል።

ዳግማዊ ይህን አያውቅም ነበር። እንግዳ በመሆኑ ቀትር ከመድረሱ በፊት «አንተ ሂድ፣ እጅህን ታጠብ» ተብሎ ከሁሉ ቀድሞ ይሸኛል። አስር ሰዓት ላይ ማሽኑ ሲነሣ ደግሞ እሱ በኪራይ ክፍሉ ተኝቷል።

መጀመሪያ ለውጡን የሰማው ሀይደር ነው። ማሽኑ ከሰዓት በኋላ ሲነሣ ከውስጡ አንድ ነገር ያንኳኳል። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ ይረጋል። ሀይደር እንደ ኦፊቺና ሰዎች ልማድ የረዥም ካቻቪቴ ጫፍ በብረቱ ላይ አኑሮ እጀታውን ከጆሮው አስጠግቶ ያዳምጥ ጀመር። በሚቀጥሉት ቀናት ማንኳኳቱ ጨመረ። የኮምፕሬሰሩ መግቢያ ቱቦም፣ ቀድሞ ደረቅ በነበረበት ስፍራ፣ ነጭ ውርጭ ያበቅል ጀመር። ሀይደር ቅባቱን ለወጠ፤ ብሎኖቹን አጠበቀ፤ ምክንያቱን ግን አላገኘም። ስላላገኘም ማሽኑ በሚነሣበት ጊዜ ሁሉ ጎንበስ ብሎ፣ ካቻቪቴውን ከብረቱ ራስ ላይ ተክሎ፣ ጆሮውን አስጠግቶ መቆም ልማዱ ሆነ።

«ይሄ ማንኳኳት አንተ ከመጣህ ወዲህ ነው» አለው ለዳግማዊ አንድ ጠዋት። ለቀልድ ነበር ያለው፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም።

ዳግማዊ ቃሉን አልናቀም። ፕሮግራሙን ከፈተ፤ ዘጋው፤ ወንበሩን ስቦ ተቀምጦ ጠበቀ። ቫልቩ ተዘጋ፤ ማሽኑ መጠጠ፤ ቆመ፤ ምልክቱም ጠፋ። ደጋግሞ ሞከረው፤ ሁልጊዜም ሥራው የተሟላ ነበር። እጀታውን ግን አላወረደም። እጀታ ማውረድ ለእሱ በር እንደ መቆለፍ ያለ ነገር ነበር፤ የፕሮግራሙ ክፍል አድርጎ አላሰበውም።

«የእኔ ወገን ደህና ነው፣ ጋሼ ሀይደር» አለ። «ብረቱን ይዩት።»

ሉባባ ከጠረጴዛዋ ሆና ይህን ሰማች። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

የምትናገረው ነገር ነበራት። አዲሱ ዲስኬት ከመጣ ወዲህ፣ አስር ሰዓት ላይ ፕሮግራሙን ስትከፍት፣ ያ ትንሽ ሳጥን ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይዞ በየቀኑ ይወጣል። የተጻፈውን አንብባ ተረድታለች፤ «ባለፈው ጊዜ በሚገባ አልተዘጋም፤ ይቀጥል?» ይላል። እሷ ግን በገዛ እጇ ዘግታዋለች፤ መስኮቱ ሲጠፋም በዓይኗ አይታለች። ስለዚህ ሳጥኑ የሚዋሽ መሰላት፤ «ይቀጥል» ብላ ታልፈዋለች። ለምን ለዳግማዊ አልነገረችም ቢባል፣ ይሉኝታ ያዛት። ለእሷ ድካም ብሎ ሌሊቱን ሠርቶ ያመጣውን፣ ከገበታዋም ተቀምጦ ምሳ የሚበላውን እንግዳ፣ ሥራህ ተበላሽቷል ብላ ፊቱን ማየት ከበዳት። ለባሏም አልነገረችም፤ እሱ ሰው ፊት ቃል እንደማይሰውር ታውቃለችና። የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለአማቷ ለእማማ ሳልሀ ነበር፤ እሱንም እንደ ጨዋታ።

ነገሩ የወጣው በአንድ እጅግ ትኩስ ቀን ነው። ነፋሱ ከበረሃው ወገን አሸዋ ተሸክሞ ሲነፍስ ውሎ፣ ቀትር ላይ ባሕሩ ሳይቀር የተነነ ይመስል ከጭጋጉ ተቀላቅሎ አይለይም ነበር። በሀይደር ቤት ዓሣው ቀርቦ ገና ጥቂት እንደ ተጎረሰ ከአቶ በቀለ የተላከ ሰው መጣ። የበይሉል መንደር ጀልባዎች ብዙ ዓሣ ይዘው ሳይታሰብ ደርሰዋል፤ በረዶ ካላገኘ አስር ሰዓት ሳይደርስ ይበላሻል፤ ሀይደር ቶሎ ይምጣ አለ። ቢሮውን አቶ በቀለ ራሱ በመለዋወጫ ቁልፉ ይከፍታል።

ሀይደር ሽርጡን አስተካክሎ ታጠቀ። ሉባባ አብራው ልትነሣ ስትል በእጁ አስቀመጣት።

«አንቺ ብዪ። ሰውዬው አንድ ቀን እንኳ ጣቱን ያንቀሳቅስ» ብሎ ወጣ።

እማማ ሳልሀ ዓሣውን በጣታቸው እየፈለፈሉ ወደ ዳግማዊ አሻግረው ተመለከቱ። ዕድሜያቸው ከይሉኝታ አውጥቷቸዋል።

«እኔ ምልህ ልጄ፣ ያ ሳጥንህ ዛሬም አልተዘጋሁም ይል ይሆን?»

«እማማ!» አለች ሉባባ።

«ምን አጠፋሁ? ራስሽ አይደለሽ የነገርሽኝ? በየቀኑ እየዘጋሁት አልተዘጋሁም ብሎ ይከሰኛል ብለሽ ስቀሽ የለም?»

ዳግማዊ ሊጎርስ ያነሣውን እጁን መለሰ። «ምን አለ?»

ሉባባ ፊቷ ቀላ። «ተወው፣ ጨዋታ ነው። አንዲት ሳጥን አለች፣ ከሰዓት ስከፍት የምትወጣ። አልፋታለሁ።»

«ቢጫ ምልክት ያላት?»

«አዎ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ዳግማዊ ሲናገር ቃሉን እየፈራው ነበር። «ሉባባ፣ ቀትር ላይ ስትዘጊው... ከዚያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምን አደርጋለሁ? መስኮቱ ይጠፋል፤ እጀታውን አወርዳለሁ፤ እወጣለሁ።»

«ወዲያው?»

«ታዲያ ምን ልጠብቅ? አንተ አይደለህ ከእንግዲህ አትጠብቂም ያልከኝ?»

ዳግማዊ ከገበታው ሲነሣ የውሃውን ጣሳ ገልብጦ አላስተዋለም።

«ዛሬም አውርደሽዋል።»

«ወርዷል» አለች፤ በዚህ ጊዜ አልሐምዱሊላህ አላለችም። «ምንድን ነው? ዳግማዊ፣ ምን ሆነሃል?»

«ማሽኑ ሲነሣ ጋሼ ሀይደር የሚቆሙት የት ነው?»

ሉባባ ቦታውን ታውቀዋለች። ካቻቪቴው ብረቱ ራስ ላይ፣ ጆሮው ካቻቪቴው ላይ። ሉባባ ጫማዋን ሳታደርግ ቀድማው ወጣች።

በአሰብ በዚያ ሰዓት የሚሮጥ ሰው አይታይም። ከጥላ ሥር የተጋደሙ ሰዎች ቀና ብለው አዩአቸው፤ አንዱም በልማዱ «ወረደ?» ብሎ ጮኸባት። አልመለሰችም። አሸዋው ዓይኗን እየሞላው፣ አስፋልቱ እግሯን እያቃጠላት፣ ከገበያው ማዕዘን ስትደርስ ኮምፕሬሰሩ ሲነሣ ሰማች። መጀመሪያ የተለመደው ማጓራት ነበር። ከዚያ አንኳኳ። እንደ ሌላው ቀን አንድ ጊዜ ብሎ አልተወም፤ በውስጡ የታሰረ ሰው በመዶሻ በር እንደሚደበድብ ሆኖ ቀጠለ።

ዳግማዊ ወደ አዳራሹ፣ እሷ ወደ ቢሮው ገባች። አቶ በቀለ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ስክሪኑን በጥርጣሬ ይመለከት ነበር።

«ሉባባ፣ ምን—»

አልሰማችውም። በሁለት እጆቿ እጀታውን ይዛ በሰውነቷ ክብደት ሁሉ ተንጠለጠለችበት። እጀታው ወረደ፤ ስክሪኑ ጨለመ። ማንኳኳቱ ግን ከመቆሙ በፊት አንድ የመጨረሻ ድምፅ አሰማ፤ ይህም እንደ ቀድሞዎቹ አልነበረም። የሚሰበር ብረት ድምፅ ነበር። ቀጥሎ ከግድግዳው ወዲያ ረዥም ፉጨት መጣ፤ ወዲያውም አፍንጫን የሚቆርጠው ሽታ በበሩ ሥር ገባ።

ዳግማዊ በአዳራሹ በር ካለው የውሃ በርሜል ሸሚዙን ነክሮ አፉንና አፍንጫውን ሸፍኖ ነበር። ነጩ ጭስ ከወገብ በላይ ሞልቷል። ሀይደርን ያገኘው ወለሉ ላይ ነው፤ የማሽኑ ራስ ተሰንጥቆ፣ ካቻቪቴው ከወዲያ ተወርውሮ። እየጎተተ አወጣው። ሉባባ በርሜሉን ገልብጣ ውሃውን በባሏ ፊት ላይ አፈሰሰች፤ ደጋግማ ስሙን ጠራችው። ሀይደር ከብዙ ሳል በኋላ ተነፈሰ። ዓይኖቹን ግን አልገለጠም።

አቶ በቀለ ከሩቅ ቆሞ እጆቹን ያያቸው ነበር። «ጠየቀኝ እኮ» ይል ነበር ለማንም ሳይሆን። «ይቀጥል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እሺ አልኩት።»

ሀይደር በሆስፒታል ዓይኖቹ ታሽገው ሰነበተ። ዳግማዊ በየዕለቱ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን፣ ሉባባም ባለችበት፣ ሁሉንም ነገረው፤ መስኮቱን እንዴት እንደ ሰወረው፣ ከመስኮቱ በኋላ ምን ሥራ ይቀር እንደነበረ። ሉባባም ስለ ሳጥኑ ነገረችው። ሀይደር ሁለቱንም ሳያቋርጥ ሰማ።

«ማናችሁም አልዋሻችሁኝም» አለ በመጨረሻ፣ ጉሮሮው ከተቃጠለ ወዲህ በቀረለት ሻካራ ድምፅ። «ማናችሁም ግን አልነገራችሁኝም።»

ፋሻው ሲፈታ የቀኝ ዓይኑ አየ። የግራው፣ በዚያች ሰዓት ከማሽኑ ወገን የነበረው፣ ብርሃንንና ጨለማን ከመለየት በቀር ሌላ አልተመለሰለትም።

ማሽኑ ተጠግኖ እንደገና በሚነሣበት ጊዜ ዳግማዊ ሌላ ዲስኬት አቀረበ። አሁን መስኮቱ የማሽኑ ሥራ ሳያልቅ ከስክሪኑ አይወርድም። ከሁሉ በኋላ፣ ምልክቱ ከዲስኩ ከጠፋ በኋላ ነው የሚሄደው። ምልክቱ ሳይጠፋ ከተገኘም ሳጥኑ «ይቀጥል?» ብሎ አይጠይቅም፤ ቫልቮቹን ሰው ሄዶ አይቶ ካልተመለሰ ማሽኑን አላስነሣም ይላል። ጽሑፉንም በእንግሊዝኛ ፊደል ቢሆንም በአማርኛ ቃል ጻፈው። አቶ በቀለ ስለ መጠበቁ አንዲት ቃል አልተናገረም። የዚያን ዕለት ማታ የሚሄድ መኪና ነበርና ዳግማዊ ዕቃውን ሸክፎ ነበር፤ ምሳውን ግን በሀይደር ቤት አልበላም፤ ማንም አልከለከለውም።

ቀትር ሆነ። ሀይደር ከእንግዲህ በአዳራሹ አይሠራም፤ ከደጅ፣ ከግድግዳው ጥላ ሥር በአግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሉባባ «ዝጋ» የሚለውን ተጫነች። ቬንቲሌተሩ ቆሟል፤ ላቧ በአንገቷ ይወርዳል፤ መስኮቱ ግን በቦታው ነው። ዳግማዊ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ማሽኑ ሲያጓራ፣ ሲለዝብ፣ ሲቆም ተሰማ። ከዚያ መስኮቱ ጠፋ።

«አሁን ማውረድ ትችያለሽ» አላት።

ሉባባ ባዶውን ስክሪን ተመለከተች። ተነሣች፤ እጀታውንም አልፋው ሄደች። ከቢሮው ወጥታ፣ በባሏ ፊት አልፋ፣ ወደ አዳራሹ ገባች። ቫልቩ መዘጋቱን በእጇ ሞከረች። ከዚያ መዳፏን በአዲሱ የማሽን ራስ ላይ አኖረች።

«ቆመ?» አለ ሀይደር ከደጅ፣ ፊቱን ወደ በሩ ሳያዞር።

ብረቱ ከእጇ ሥር ዝም ብሎ ነበር። ሉባባ ግን መልስ ከመስጠቷ በፊት ጆሮዋን ወደ ብረቱ አስጠግታ አዳመጠች።